የታጠቡት ሳንቲሞች

ሰው የሚሳሳተው በማያውቀው ነገር ይመስለናል። በማያውቀውማ ፈርቶ ይጠይቃል፤ ጉድ የሚሠራው በሚያውቀው ሙያ ነው።

ይህቺ ሴት የምታውቀው ዕቃ ማጠብ ነበር። ዕድሜዋን ያሳለፈችው በአንድ ትልቅ ሆቴል ጓዳ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ እጇን እስከ ክርኗ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። ወጥ ቤቶቹ «እትዬ ብልጭ» ይሏታል። ያረረ ድስት፣ የሻይ ዝገት የጠጣ ማንቆርቆሪያ፣ የጠቆረ የብር ሹካ እሷ እጅ ከገባ ራሱን እስኪክድ ተፈትጎ ይወጣል። አንዴ ሥራ አስኪያጁ ትሪዎቹን አይቶ «ሳታስፈቅዱኝ ማን አዲስ ገዛ?» ብሎ ግዢ ክፍሉን ተቆጥቷል ይባላል። እሷም ይህ ወሬ ሲነገር አትጠላም ነበር።

ባሏ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበር። በብረት ፍርግርግ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲውል ከተሳፋሪ እጅ የማይሠራ ሳንቲም አይታጣም፤ የተሻረ፣ ያረጀ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ። ሌላው ትኬት ቆራጭ «ይሄ አይሠራም፣ ውሰድ» ብሎ ሲወረውር እሱ ከኪሱ ተክቶ ያስቀራል። ያለቀ የትኬት ጥራዝ ሽፋን እየቀደደ ለእያንዳንዱ ኪስ ይሠራለታል። በእረፍት ቀኑ አልጋው ላይ ዘርግቷቸው፣ ጠርዝ ጠርዛቸውን በመሐረብ እየያዘ፣ ለብቻው ፈገግ ሲል ይውላል። ልጅ አልነበራቸውም።

እሷ ጠጋ ካለች «እጅሽን! እጅሽን!» ይላታል እየሳቀ። «አንቺ ያገኘሽውን ሁሉ ነው የምትፈትጊው። አንድ ቀን እኔንም ትፈትጊኛለሽ።»

«ብፈትግህ ኖሮ ሰው ትመስል ነበር» ትለዋለች።

ነገሩ በሳቅ ያልፋል። ለምን እንደማትነካ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቅብጠት እየመሰላት ትንሽ ቅር ይላት ነበር እንጂ።

አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ትኬት እየቆረጠ ሳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ከሆስፒታል ሲወጣ አንድ እግሩና አንድ እጁ አይታዘዙትም፣ አንደበቱም ተይዟል። አእምሮው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ዓይኑን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከጉሮሮው የሚወጣው «እህ... እህ...» ብቻ ሆነ።

ሆስፒታሉ የጠቆማት የንግግር ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ቤት ድረስ እየመጣች በሽተኛ ታሠራለች። በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገረቻት።

«እማማ፣ ቋንቋው ከውስጣቸው አልጠፋም። ግን ጊዜ አለው። በነዚህ ጥቂት ወራት አጥብቀን ካላሠራናቸው በኋላ ይከብዳል።»

«ይናገራል ግን?»

«ከተሠራ ተስፋ አላቸው።»

ክፍያው የእሷ ደሞዝና የእሱ ጡረታ አንድ ላይ ቢጨመቁ የማይሸፍኑት ነበር። ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር ሲፈለግ ከሳንቲሞቹ በቀር ምንም አልተገኘም። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው፤ ሳንቲሞቹ በደህና ዋጋ ከተሸጡ ሰውየው ይናገራል፣ ካልተሸጡ እንደተዘጋ ይቀራል።

ግን እንዴት ይሸጣል? በዕድሜዋ አሮጌ ጫማ እንኳ ሸጣ አታውቅም።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል፤ ፎቶ አንስተን በስልክ እንልቀቀው» አላት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ቤት አከራይና ተከራይ የሚያገናኝ ደላላ ነው። «ገዢው ተሻምቶ ይመጣል።»

«በሽተኛ ተኝቶ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ቤቴ ላስገባ?»

«እንግዲያው ላንድ ሰው ጠቅልለሽ ስጪ። እየነጠልሽ ከሸጥሽ ጥሩ ጥሩውን ይለቅሙና ግርዱ ይቀርብሻል።»

ጎረቤቷ ብር ሠሪው ደግሞ በሚዛን እወስዳለሁ አላት። «እሳት ውስጥ ከገባ ንጉሥ የተቀረጸበትም ወፍ የተቀረጸበትም አንድ ነው፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ። የሆቴሉ ሒሳብ ሹም ሁለት መንገድ ጠቆማት፤ ከገበያ አዳራሹ ደረጃ ሥር ሱቅ ያላቸው የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ አሉ፤ ሐራጅ ቤትም አለ፣ እዚያ ዋጋው ሳይሻል አይቀርም፣ ግን ተራ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል።

አወጣች አወረደች። ሚዛኑ ውርደት ነው። ሐራጁ ጊዜ ይበላል፣ የሌላት ደግሞ ጊዜ ነው። ስልኩን አላመነችውም። ነጋዴው ጋ እሄዳለሁ ብላ ቆረጠች፤ እውነቱን ለመናገር ደህና ምርጫ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፣ እሷም ያላንኳኳችው በር የለም። ያልጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይታጠቡ ወይስ አይታጠቡ? ይህንንማ ለእሷ ማን ሊያስተምራት! አልጋ ላይ የተኛውንም ሰው አልጠየቀችውም። መልስ ለማይሰጥ ሰው ምን ብላ ትጠይቀው?

በእረፍት ቀኗ ሳፋውን ከአልጋው አጠገብ አኖረች። ብቻውን እንዳይሆን ብላ ነው። ሎሚ፣ ጨው፣ ከሆቴል ያመጣችው ፖሊሽ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለጠነከረው ደግሞ የሽቦ መፈቅፈቂያ። ከመጀመሪያው ኪስ ወፍ የተቀረጸበት ትልቅ የብር ሳንቲም ወጣ፤ መሃሉ ጥቁር፣ ወደ ጠርዙ ሰማያዊ ቢጤ የሚል። «እስቲ እየው፣ ከሰል መስሏል» አለችና ነከረችው።

«እህ!» አለ ሰውየው።

ብሩሹን አነሳች። «እህ! እህ!» ደህናው እጁ ፍራሹን ይደበድብ ጀመር። ውሃ የጠማው መስሏት አጠጣችው፤ ደረቱ ላይ ደፋው። ትራሱን አስተካከለችለት። ሽንቱ የመጣ መስሏት ፖፖ አቀረበች፤ በእጁ ገፋው።

«አውቃለሁ» አለችው፣ ተመልሳ እየተቀመጠች። «ጨክኜ እኮ አይደለም፤ ላንተው ነው። ስትድን ሌላ ትሰበስባለህ። ታዲያ እንዲህ ቆሽሸው ይሂዱ? ምን ይሉናል?»

እንባው ወረደ። ከሳንቲሞቹ መለየት ከብዶት ነው ብላ እሷም አብራው አለቀሰች፤ ሎሚ በሚሸት እጇ ጉንጩን ጠረገችለት። ከዚያ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። የጀመረችውን ሳትጨርስ የምትነሳ ሴት አይደለችም። ወፉ እንደ አዲስ ማንኪያ እያብለጨለጨ ወጣ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎም ሌላው። ውሃው በጠቆረ ቁጥር ልቧ ደስ ይለው ነበር። በመጨረሻ ሰውየው መጮሁን አቆመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጎሽ፣ ተረጋጋህልኝ» አለችው።

ነጋዴው ዝምተኛ አዛውንት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጉና ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ገጠሙ። ወፉን አነሱት፣ አገላበጡት፣ አስቀመጡት። ሁለተኛውን አነሱ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን በእጃቸው ሳይነኩ ከላይ አዩት። ከዚያ መነጽሩን አወለቁ።

«ማን ነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኝ!» አለች ደረቷን ነፍታ። ሆቴል ውስጥ ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ከኋላው ምስጋና ነው የሚከተለው።

አዛውንቱ ራሳቸውን ያዙ። «እኅቴ፣ ሳንቲም አይታጠብም። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ የዘመን ቆዳው ነው። ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለእሱ ነው። እርስዎ ገፈው አመጡልኝ።» ማጉያውን ሰጧት። ከመስታወቱ ሥር የወፉ አንገትና ክንፍ በሽቦ ጭረት ተሸነታትሮ አየችው።

«ቢቀመጥ ተመልሶ አይጠቁርም?»

«ይጠቁር ይሆናል፣ እኔም እርስዎም አንደርስበትም። ጭረቱ ግን አይሽርም።»

«ሳላጥበው ባመጣው ኖሮስ?»

«ይቅርብዎ፤ ማወቁ አይጠቅምዎትም።»

«ይንገሩኝ።»

ነገሯት። ወፉ ብቻውን የባለሙያዋን ክፍያ እስከ መጨረሻው ይችል ነበር።

«የሰበሰቡት ባለቤትዎ ናቸው አይደል?» አሉ አዛውንቱ፣ ከትኬት ሽፋን የተሠሩትን ኪሶች እያገላበጡ። «አያያዝ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው ይሄ። እንዴት ሲያጥቡ አይተው ዝም አሉ?»

«ዝም አላለም» አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። አዛውንቱ ወንበር አቀረቡላት። ለካ ሲጮህ የነበረው ለዚህ ነው። ሰውየው በቀረችው አንድ እጁና በቀረችው አንድ ድምፅ አትንኪው ሲላት እሷ ውሃ ሰጠችው፣ ፖፖ ሰጠችው። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ራሷን ጠልታ አታውቅም።

ሰው ተስፋ ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ሌላውን መጠርጠር ነው። ነጋዴው ዋጋ ለማጣጣል ብለው ይሆናል ብላ በዚያው እግሯ ሐራጅ ቤት ሄደች። ተቀባዩ አንዱን ኪስ ከፍቶ ወዲያው ዘጋው። «የተፈተገ አንመዘግብም፣ እናቴ» አላት በትሕትና። ዋርሳዋም ፎቶውን በስልክ ለቀቀ፤ ከሥሩ የሳቀበት እንጂ የገዛ አልተገኘም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች...» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ የቀረውን ዋጠው።

በማግስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልትነግረኝ ነበር» አለችው። «ጆሮ አልነበረኝም። ይቅር በለኝ።»

ሰውየው ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም።

«አሁን አንተ ምረጥ። ለብር ሠሪው በሚዛን ልስጠው? እሺ ካልክ እጅህን አንሳ።» ጠበቀችው። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተዘረጋ ነው። «ነጋዴው ደግሞ ትንሽ ትንሹን በርካሽ እወስዳለሁ ብለዋል። ለእሳቸው ይሁን?» አልተንቀሳቀሰም። «ወይስ አልሽጠው? እዚሁ ይቀመጥልህ?»

ያ ፍራሹን አቧራ እስኪያስነሳ የደበደበ እጅ ጣቱን እንኳ አላነሳም። እሷ ራሷ ይዛ ልታነሳለት ቃጣት፤ ግን ያ የእሱ መልስ አይሆንም። የቡና ቤቱ ሬዲዮ ከመንገድ ማዶ ሲጮህ፣ ጎረቤት ልብስ ሲያሰጣ፣ ቀኑ እስኪያዘቀዝቅ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀች። 

የባለሙያዋ ክፍያ ስለማይጠብቅ፣ ሳንቲሞቹን ሁሉንም ባንዴ ለሚወስደው ለብር ሠሪው ሰጠቻቸው። ሲያቀልጥ ቆማ አየች፤ ሂጂ ቢላትም አልሄደችም። ወፉም ለመቅለጥ ከሌሎቹ የበለጠ አልቆየም። ያገኘችው ገንዘብ የባለሙያዋን ክፍያ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ቻለ።

ባለሙያዋ መስታወት ፊቱ ላይ እያቆመች «አባባ፣ እንደኔ ከንፈርዎን ይክፈቱ» ትለዋለች። እሱ ከንፈሩን ይገጥማል። ትለምነዋለች፣ ታባብለዋለች፣ ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲህ እንዲህ እያለ የተከፈለው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ እትዬ ብልጭን ወደ በሩ ጠርታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ምላሳቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጉሮሯቸውም ደህና ነው። እየሞከሩ ግን አይደለም። መጀመሪያ ስመጣ እኮ ድምፅ ያወጡ ነበር። ምን ተፈጠረ?»

እትዬ ብልጭ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሳፋውን፣ ሽቦውን፣ ፖፖውን፣ «ጎሽ» ማለቷን ሳይቀር። ራሷን ለማዳን አንድ ቃል አልጨመረችም።

ልጅቷ «በቀረን ቀን ልባቸው ውስጥ ካለ ቃል ብንጀምር ይሻላል» አለች። «ብዙዎቹ በሚስታቸው ስም ነው የሚጀምሩት። የእርስዎን ስም እናስሞክራቸው።»

«ስሜን ተዪው። ስድብ አስተምሪልኝ።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

«የምሬን ነው፣ ልጄ። ጉሮሮው ላይ የቆመው እሱ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ሌላ ቃል አያልፍም። ደደብ አስብዪው። ደንቆሮ አስብዪው። የፈለገውን ይበለኝ፣ ብቻ ይናገር።»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አልጋውን በሁለት እጇ ይዛ ከግድግዳው ጎትታ አራቀችው፤ በተከፈተው መሃል በርጩማዋን አስገብታ፣ ሰውየው ፊቱን በሰጠበት በኩል፣ አፍንጫው ሥር ተቀመጠች።

«ይኸው አለሁ» አለችው። «ጀምር።»