ዝም የማትለው ማንዶሊን

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከማንዶሊን ጋር ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ያሳደጉን አክስቴ፣ እታለም የምንላቸው፣ ሲመሽ ከፍሙ አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ከፍኖተ ሰላም ባመጣት አሮጌ ማንዶሊን ያጅባቸዋል።

ከሁሉ የምወደው ጎታ ውስጥ የተደበቀችውን ልጅ ተረት ነበር። ጅቡ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ሲያቆም እታለም ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ይርጋም ክሮቹን በመዳፉ ይይዛል። ማንዶሊኗ ግን ዝም አትልም። ክሮቹን ከሚደግፈው ብርኩማ ወዲያ ያለው፣ ማንም የማይመታው አጭር የክር ጫፍ ለብቻው «እዝዝ» ይላል።

«ይርጋ፣ ጅቡ እኮ ሰማን! ይህችን ነገርህን አንድ በላት እንጂ» ይሉታል እታለም ተቆጥተው።

አንድ ቀን ይርጋ ከተቀደደ ጫማ ቀጭን ቆዳ ቆረጠና ከብርኩማው ወዲያ ባሉት ክሮች መካከል፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረገ ሰካው። ያኔ ማንዶሊኗ ጸጥ አለች፤ ተረቱም በእውነት ያስፈራኝ ጀመር።

በዚያው ክረምት አፈሳው በረታ። ይርጋ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ስለነበር «ደምበጫ ዘመድ ጋ ሄዷል» ብለን አስወራን፤ ቀን በቆሎው ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ይገባል። አንድ ምሽት ደፍሮ እየተጫወተ ሳለ ውሻችን ጮኸ። ማንዶሊኗን ጭኔ ላይ ጥሎ ጥግ ላይ ያለው የእህል ጎታችን ውስጥ ገባ። የቀበሌው ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩን ገፋው።

«ማነው ሲጫወት የነበረው? ልጁ ደምበጫ ነው አላላችሁም?»

«እህቱ ናት፣ ጌታዬ። እሱ ትቶላት ሄዶ እሷ ታደነቁረኛለች» አሉ እታለም።

«እስቲ ተጫወቺ።»

ወንድሜ ያስተማረኝን አንዲት ዜማ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ጠባቂው «ቆዪ!» አለ። ክሮቹን ያዝኩ። ቆዳው ሥራውን ሠርቶ ነበርና ቤቱ ፍጹም ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ጎታው ውስጥ የተረፈችው ጤፍ ስትንሿሿ ሰማሁ። እታለምም ሰሙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ጠባቂው አንገቱን ወደ ጎታው አዞረ። ቆዳውን መዝዤ ክሮቹን ሁሉ በኃይል መታሁና ወዲያው በመዳፌ ያዝኳቸው። «እዝዝዝ» አለች ማንዶሊኗ።

«ዝም አሰኚያት!»

«ይኸው ይዣታለሁ፣ ጋሼ! እምቢ ብላኝ ነው።» እንደገና መታሁ፤ እንደገና ያዝኩ።

«ዕቃው አሮጌ ነው፤ እኛንም እንዲሁ ያስመርረናል» አሉ እታለም።

«ይህች ናት እንዴ ስትንሿሿ የነበረችው?» አለ ጠባቂው። ማንዶሊኗን በንቀት አይቷት ወጣ።

ይርጋን ያን ምሽት አተረፍነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት፤ ከዘመተበትም አልተመለሰም።

ማንዶሊኗ ዛሬ እኔ ጋ ናት። ያንን ተረት ለልጆቼ ሳወራ፣ ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ክሮቹን እይዛለሁ፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ ግን ትቀጥላለች። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ እሱን አታጠፊውም?» ትለኛለች። የቆዳው ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ አለ። «ተዪው፣ ራሱ ይጨርስ» እላታለሁ። ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ወንድሜ ጎታው ውስጥ ነው፤ ማንም አላገኘውም።