ለአባቴ ያበጀሁት ጓሮ

ጓሮዬ ከግድግዳ እስከ አጥር ሊሾ ነበር፤ አጥሩም ቆርቆሮ። የከሚሴ ፀሐይ ሲያርፍበት በባዶ እግር አይረገጥም። እኔ ለምጄዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ! ያስጠላኝ እናቴ ሞታ አባቴን ከጨፋ ሮቢት አምጥቼ ቤቴ ያስቀመጥኳቸው ጊዜ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ለምለም ጨፌ ላይ ከብት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው፣ የጓሮውን በር ከፍተው አንዴ አዩና "ይሄ ምኑ ይታያል?" ብለው ተመልሰው ተኙ። ከዚያ ወዲያ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ሆነ።

ሐኪሙ "በሽታ የለባቸውም፤ ግን ካልተንቀሳቀሱ እግራቸው ይከዳቸዋል" አለኝ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው። "ኢንሻአላህ፣ ነገ" ይሉኛል። ነገ መች አልቆ! እንግዲያው ጓሮው ይለስልስ፣ ደስ የሚል ነገር ካዩ ይወጡ ይሆናል አልኩ።

ሊሾውን በዲጅኖ አስፈለጥኩ። ሣር ተከልኩ፤ ውሃው በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ደረቀ። ጽጌረዳም ተከልኩ፤ እሷም ቅጠሏ ተቃጠለ። ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች "አንቺ፣ ፀሐይ ልትቀልቢ ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በመጨረሻ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ እሬት አየሁ፤ ወፍራም፣ ቀይ አበባ ያወጣ፣ ውሃ አምጡ የማይል። ይሄው አልኩ! አፈሩን ከፍ አድርጌ ረዘም ያለ መደብ ሠራሁ። ጠርዙ ዓይን እንዳይወጋ ማዕዘኖቹን አጎበጥኳቸው። ከቦርከና ወንዝ የመጣ ድንጋይ ዙሪያውን ደርድሬ እሬቱን በሁለቱ ጫፍ ተከልኩ። አማረልኝ።

"አባ፣ ወጣ በሉ እስቲ፣ ያበጀሁልዎን እዩልኝ።"

ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ተነሱ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ክንዴን ተደግፈው በሩ ላይ ደረሱና ቆሙ። መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ለሞተ ሰው እንደሚቀራው ፋቲሃ ቀሩ።

ወይኔ ጉዴ! እሬት በእኛ አገር የት እንደሚተከል ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ መቃብር ላይ ነው። ከፍ ያለ አፈር፣ ዙሪያውን ድንጋይ፣ በራስጌና በግርጌ እሬት። እኔ ግን ሆቴሉን እንጂ መቃብሩን አላሰብኩም። በቁማቸው ቀብሬያቸው እዩልኝ አልኳቸው።

"ለአበባ ነው እኮ አባ! ወላሂ ለአበባ ነው!"

"ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ በኦሮምኛ፣ ሳይከፋቸው፤ "ጀዛከላህ፣ አላህ ምንዳሽን ይክፈልሽ። ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው።" ገብተው ተኙ። እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እሬቱን ነቀልኩ፣ ድንጋዩን በተንኩ፣ አፈሩን በአካፋ ደለደልኩ። እልህም ለቅሶም ይዞኝ ነበር። ልጨርስ ስል የጓሮው በር ተከፈተ። አባቴ ናቸው፤ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ በራሳቸው እግር ወጥተዋል። ያን ሁሉ ጊዜ የለመንኩት ይሄንን ነበር።

ባዶውን አፈር አዩት።

"ምነው ነቀልሽው?" አሉኝ። "እኔ እኮ ወድጄው ነበር። እሱን ልይ ብዬ ነው የወጣሁት።"

ግድግዳውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አልወጡም፤ እኔም ውጡ ማለቱን ተውኩት።