የልክነሽ ዕዳና የአባቷ እርጥብ ሣር

መስቀል ሲቃረብ አርባ ምንጭ ጭር ትላለች። የደጋ ተወላጅ የሆነ ሁሉ ጓዙን ሸክፎ ሽቅብ ይወጣል፤ መናኸሪያው በሰውና በጓዝ ይጨናነቃል። በጋሞ ደጋ ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል ተብሎ ይጠየቅለታል። ልክነሽ ኦይታ ግን አልታመመችም፤ ከማንም አልተጣላችም። ሁለት መስቀል ቀርታለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው።

ልክነሽ ደጋ ላይ ያለችው የገረሴ ልጅ ናት፤ ባዮቴክኖሎጂ ተምራ ተመርቃለች። አባቷ ኦይታ የትምህርቱን ስም ሲጠሩ ምላሳቸው ቢተሳሰርም፣ ለጎረቤት ከመንገር ሰንፈው አያውቁም። ስትመረቅ የተሰጣት ግን ቴምፖ የሚሏት ጊዜያዊ ወረቀት ናት። ዋናው ዲግሪ የሚሰጣት መንግሥት ለምግቧ፣ ለመኝታዋና ለትምህርቷ ካወጣው የሚደርስባትን ስትከፍል ነው፤ ተማሪው ኮስት ሼሪንግ የሚለው ዕዳ። ያመለከተችበት ላብራቶሪ ሁሉ ደግሞ "ኦሪጅናሉን አምጪ" ይላታል። ለኦሪጅናሉ ብር ያስፈልጋል፣ ለብሩ ሥራ፣ ለሥራው ኦሪጅናል። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ቡና እየጠጣ ነበር መሰል፤ ለእሷ ግን ዕዳ ከሜዳ ሆነባት።

ስለዚህ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለ የሙዝ ችግኝ ጣቢያ ገባች። በቀን ሒሳብ ላስቲክ ውስጥ አፈር ትሞላለች፣ ውኃ ታጠጣለች። ችግኞቹ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በብርጭቆ ተባዝተው የሚመጡ ናቸው። እንዴት እንደሚባዙ ተምራዋለች፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ጉልበቷ ብቻ ነው። ከብርጭቆ የወጣ ችግኝ ወዲያው ፀሐይ ካገኘው ጠውልጎ ይሞታልና መጀመሪያ ጥላ ሥር ይለማመዳል። ልክነሽን ማንም ጥላ ሥር አላለማመዳትም።

የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ተጋድማ ስሌቱን ደጋግማዋለች። እንደ ምንም ቆጥባ ብትከፍል እንኳ፣ የላብራቶሪው ደመወዝ አሁን ከምታገኘው የሚበልጠው በጥቂት ነው፤ የከፈለችውን እስኪተካላት ድረስ ጠጉሯ ይሸብታል። ዩኒቨርሲቲ አብሯት የተማረው አሸናፊ ገና ድሮ ነው ይህን ስሌት የተወው፤ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እየጫነ ከተማ ይሸጣል። "ዲግሪ ወጥ አይሆንም" ይላታል። እውነቱን ነው። እሷ ግን አባቷ ያን ያህል ያወሩለትን ወረቀት ሳትይዝ ገረሴ መግባት ሞት መሰላት።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ምን ያደርጋል፣ ብቸኛ ነበረች። እሑድ፣ ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ ችግኝ ጣቢያው ትሄድና ለሙዞቹ በጋሞኛ ታወራላቸዋለች። የሚሰማት ሌላ አልነበራትም።

በመስከረም መጀመሪያ አባቷ ደወሉ። "ዘንድሮስ?"

"ዕዳ አለብኝ አባ። የዩኒቨርሲቲውን ሳልከፍል መምጣት አልችልም።" አልሸሹም ዞር አሉ!

ኦይታ "እሺ" ብለው ዘጉ።

እሺ ያሉት ግን ሌላ ነገር አስበው ነው። በእሳቸው አገር ሰው ሲጨንቀው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ደም የተቃባ እንኳ ይታረቃል፤ ሣር የተዘረጋለት ሰው እምቢ አይልም።

መስቀል ሊገባ ሲል፣ ልክነሽ ችግኝ ስታጠጣ አሸናፊ ደወለ። "ዩኒቨርሲቲው ዓሣ ላደርስ መጥቼ ነው፤ አባትሽ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሣር ይዘው ሬጅስትራሩ በር ላይ ቆመዋል። ቶሎ ነይ!"

የውኃውን ጎማ ጥላ ባጃጅ ያዘች። ስትደርስ ግን ከበሩ አጠገብ ካለ ዛፍ ጀርባ ተሸሸገች። አፈረች። በአባቷ ይሁን በራሷ፣ ለይታ አላወቀችውም።

የቢሮው ሠራተኛ፣ ገና ወጣት ነው፣ ብቅ ሲል ሦስቱም ሽማግሌዎች ተንበረከኩለት። ልጁ ደነገጠ።

"ኧረ ይነሡ አባቴ! በእግዚአብሔር ተነሡ! ዕዳው እኮ የመንግሥት ነው፤ እኔ ልተወው አልችልም።"

"ተዉልን አላልንም" አሉ ኦይታ፣ የአማርኛ ቃል እየፈለጉ። "ትከፍላለች። እሷ ካልቻለች እኔ አለሁ። ለመስቀል ብቻ ልጅቷን ልቀቁልን። እናቷ የመስቀል ቅቤ አስቀምጣ ሁለት ዓመት ጠበቀቻት።"

ልጁ እጁን አፉ ላይ አደረገ። "አባቴ፣ እኛ የያዝነው ወረቀቷን ነው። ልጅቷን የያዛት የለም።"

ኦይታ በእጃቸው ያለውን ሣር አዩት። "ታዲያ ልጄን ማን ያዛት?"

ልክነሽ ከዛፉ ጀርባ ወጣች። እጇ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

"እኔ ነኝ አባ" አለች። "እኔው ነኝ የያዝኳት።"

ኦይታ አልተቆጧትም፤ ከጉልበታቸውም አልተነሡ። እዚያው እንደተንበረከኩ ዞሩና ሣሩን ወደ እሷ ዘረጉት።