እንደ ክታብ የተንጠለጠለው ዲስኬት

መካኒሳ አቦ አጠገብ ወዳለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ፤ ዝናብ ያወየበው ባርኔጣ ደፍተው፣ በቆዳ የተሰፋ ዲስኬት እንደ ክታብ ከአንገታቸው አንጠልጥለው።

«ዞር በይልኝ፣ ልጄ» ይሏታል ጸሐፊዋን ሚካልን። ከጀርባዋ ዲስኬታቸው ላይ የይለፍ ቃሎቻቸውን ይመዘግባሉ፤ የየትኛውን ኮምፒውተር ደጅ እንደሚከፍቱ ግን አይናገሩም። ሚካል ጆሮዋን አቁማ የቁልፎቹን ኳኳታ ትቆጥራለች፤ ሰላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ። ጡረተኛ ይህን ሁሉ ምን ይቆልፍበታል?

«አባባ፣ ሌባ ክሩን በጥሶ ቢሮጥስ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ይሩጣ! ይሄ ባዶ ነው፤ ለሌባ የሰቀልኩት» አሉና ሳቁ። እጃቸው ግን ሳያስቡት ባርኔጣቸውን ጫን አደረገ። ዓይናቸው ከሚካል ዓይን ጋር ተጋጨ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ራሳቸውን መጡ፤ ቀኝ ጫማቸው ውስጥ የሆነ ነገር የሚቆረቁራቸው ይመስል በትንሹ እያነከሱ።