ዳገቱን የሚረከብ እግር

አክስቴ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ቆጣሪ አንባቢዎች ሁሉ አንጋፋዋ ናት። የእሷ ክልል ዳገቱ ነው፤ ግርጌው ጭቃ፣ ወገቡ የሚንከባለል ድንጋይ፣ አናቱ ነፋስ የማይለየው። እኔም እዚያው እሠራለሁ፤ ግን የደረሰኝ የአስፋልቱ ዳር ሰፈር ስለሆነ በስስ ሸራ ጫማ እንደ ሽርሽር ዞሬው እመለሳለሁ።

እሷ ጠዋት ጠዋት ሰማዩን ሳታይ አትጫማም። የጎማ ቦቱ ለጭቃው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዘው ቆዳ ለድንጋዩ። አንዱን አድርጋ ሌላውን በፌስታል አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ጭቃው ሲያልቅ የሰው አጥር ሥር ቁጭ ብላ ትቀይራለች። አለቃችን "ጫማ ነጋዴዋ" ይላታል። ቤት ስትገባ ጨው የገባበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እግሯን ነክራ እስኪቀዘቅዝ ትቀመጣለች።

"ተዪው በቃ፣ ሜዳውን ይስጡሽ" እላታለሁ።

"ተረካቢ ሲገኝ።"

ደንቡ እንደዚያ ነው፤ የሚረከብ ካልተገኘ ከዳገቱ አይወረድም። የተጠየቀ ሁሉ አንዱ ወገቤን ይላል፣ ሌላው አስሜን። እኔ ግን በየምሽቱ እነዘንዛት ነበር፤ ምላስ እንደሁ ዳገት አይከብደው።

ባለፈው ሳምንት ጉልበቷ እምቢ አለ። ድንጋዩን ስትወርድ ሰው ደግፎ አወረዳት። ከዚያ በኋላ ነው "ሁሉን የሚችል አንድ ጫማ ልንገዛ ነው፤ ከሥራ ስንወጣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ወፍራም ካልሲ አድርጊ" ያለችኝ።

"እኔ ካልሲ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ ለምን ጠዋት አንሄድም?"

"ያረፈ እግር ይዋሻል። ጫማ የሚለካው ውሎ ባበጠ እግር ነው። ካልሲውን አድርጊ አልኩሽ።"

ጫማ ቤት ገባን። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን እየመረጠ ያመጣላታል፤ እሷ ሶሉን አጥፋ ታያለች፣ ስፌቱን በጣቷ ትዳብሳለች፣ ትመልስለታለች።

"ማዘር፣ ሊያገቡት ነው እንዴ?" አላት።

"ባልማ ቢጠብም ይቻላል" አለችው። ሦስታችንም ሳቅን።

በመጨረሻ አንድ ቡናማ ቦት አነሳች፤ የሶሉ ጥርስ ጠለቅ ያለ፣ ውሃ እንዳያስገባ ምላሱ ከሁለት ጎን የተሰፋ። ገመዱን ፈታችና እየቃሰተች ፊቴ ተንበረከከች።

"እግርሽን።"

"ለእኔ ነው እንዴ?"

"ለዳገቱ ነው።"

አጠለቀችልኝ፤ ገመዱን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቅ አደረገችው። "በይ የሱቁን ደረጃ ውረጂ። ስትወርጂ ጣትሽ የጫማውን ፊት ከመታ፣ ከዚያ ዳገት ላይ ጥፍር ይዘሽ አትመለሺም።"

ወረድኩ። ጣቴ አልነካም። ቢመታኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይሄው ነው።

"እኔ እንደምረከብሽ ለአለቃችን ነግረሽዋል?" አልኳት ስመለስ።

"ገና ነኝ። ከጠበበሽ ይቅር፤ እኔ እስከቻልኩ እወጣዋለሁ።"

ጠበበኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ደክሞኛል እኮ እኔም፤ ያንን ዳገት ከታች ሳየው ነው የሚደክመኝ። እሷ ወንበሩ ላይ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። የምታየው ፊቴን አይደለም፣ እግሬን ነው።

"አልጠበበኝም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ አመሰግናለሁ ሳትል ሒሳቡን ከፈለች። የእኔን ሸራ ጫማ ሳብ አድርጋ፣ እብጠቱ አላስገባ ሲላት ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ አደረገችው። የራሷን ከባድ ጫማ እኔን አሸከመችኝ።

ውጪው ልሙጥ አስፋልት ነው። እሷ ግን እግሯን ከፍ እያደረገች፣ የማይነቃነቅ ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው መርጣ መርጣ ትረግጣለች።

"ነገ ይዘንባል" አለችኝ ዞር ሳትል። "ገመዱን ሁለቴ ቋጥሪው።"