አረንጓዴው ማልያ

ቅዳሜ ሆኽስት ሰፈር፣ ፍሎማርክት በሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ ከአንዲት ሴትዮ አረንጓዴ አሮጌ ማልያ ገዛሁ። የየትኛው ቡድን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው። ሰኞ ለብሼው የከተማው ባቡር ኤስባን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ ገብተው ትክ ብለው አዩኝ። ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

«ዌልስ ያለችውን የትውልድ ከተማዬን ቡድን ታውቀዋለህ እንዴ?» አሉኝ በጀርመንኛ።

አላውቅም ብዬ ትልቅ ሰው ላሳፍር? «እንዴታ! የልጅነት ቡድኔ ነው» አልኳቸው።

ባቡሩ ዋናው ጣቢያ ሃውፕትባንሆፍ እስኪደርስ የቡድኑን ታሪክ አወሩልኝ። የመሠረቱት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው። ከተማዋ ትንሽ፣ ሜዳውም ወደ ወንዝ የሚወርድ ተዳፋት ስለሆነ፣ ኳሷ ወንዙ ውስጥ በገባች ቁጥር ጨዋታው ይቆም ነበር። እኔም «ወይ ያ ወንዝ!» እያልኩ አጅባቸዋለሁ። ወሬያቸው ከመጣፈጡ የተነሳ ውሸቴን ራሴ ማመን ጀመርኩ።

«በረኛችንስ ትዝ ይልሃል?» አሉኝ።

«እሳቸውማ እንዴት ይረሳሉ! ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ ከንፈሬን መጥጬ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«በረኛው እኔ ነኝ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ቅዳሜ ሚስቴ ማልያዬን ስትሸጥልህ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አይህ ነበር።»