የመብርሂት ማመልከቻ

የአንድ ሰው ሕይወት ተጠቃሎ ሲታይ ምን ያህል ነው? መብርሂት ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፎ ስታርጥ ድንገተኛ ሙቀት ይወርራት ጀመር። በሥራ መሃል በላብ ትጠመቃለች። መስኮት ስትከፍት ባልደረባዋ ሪሐና ተነሥታ ትዘጋዋለች።

«ብርድ ልታስመቺን ነው እንዴ?»

«እኔ እየነደድኩ ነው።»

«ሹራብሽን አውልቂዋ።»

«እሱንማ ካወለቅኩት ወር አለፈኝ።»

በዚህ መሃል የተሳሳተ ፋይል ሰጥታ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ከደገመች ትሰናበታለች። አዲሱ የሠራተኞች ሕክምና መመሪያ ሲወጣ ተስፋ አድርጋ አስተዳደር ኃላፊው ዘንድ ገባች። አቶ ተስፋለም መመሪያውን አገላብጠው፣ «ወሊድ አለ፣ ጥርስ አለ። ማረጥ ግን በሽታ አይደለም» አሏት።

«እኔስ መቼ አመመኝ አልኩ?»

«እንግዲያው በጽሑፍ አቅርቢ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሥራ የለመደን ሰው ከማሰናበት መስኮት መክፈት ይቀላል፤ ይህን ለመረዳት ብዙ ፍልስፍና አያሻም። ማመልከቻዋ በሳምንቱ «ከማኅደሯ ጋር ይያያዝ» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ተቀብላ ያያያዘችው ራሷ ናት። የጠየቀችው መስኮቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአሥር አሥር ደቂቃ እንዲከፈትላት ነበር።